ሳሙናው እና የቆጋ ፀሐይ

እሱ፦ ሄመን በቀለን ታስታውሺዋለሽ? አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ አሜሪካ የገባው። በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆዳ ካንሰር ባሰበው ሳሙና የስሪ ኤም ኩባንያን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸነፈ፤ በዓመቱ ታይም መጽሔት «የዓመቱ ልጅ» አለው።

እሷ፦ ብቻ ሳሙና ካንሰር ያጥባል ብሎ ገበያ የሚሮጥ እንዳይኖር!

እሱ፦ አያጥብማ! ቁም ነገሩ ሳሙናው ውስጥ ያለው ኢሚኪሞድ የሚባለው መድኃኒት ነው። እሱም ካንሰሩን በቀጥታ አይገድልም፤ ስንወለድ አብረውን የመጡትን የመከላከያ ሕዋሳት ቫይረስ የገባ ያስመስልባቸዋል። እነሱም ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ ምልክት ይለቃሉ፣ ሌላውን ሠራዊት ይጠራሉ። የዚህን መድኃኒት ክሬም አሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. ላይ ላዩን ለሚታይ አንድ የቆዳ ካንሰር ዓይነት ፈቅዳዋለች።

እሷ፦ ሳሙናው ግን ገና ምርምር ነው። ታጥቦ የሚሄድ ነገር መድኃኒቱን ቆዳ ላይ እንዴት ያቆየዋል? እኔ የማስበው እዚሁ መራዊ፣ ቆጋ መስኖ ላይ የሚውለውን ገበሬ ነው።

እሱ፦ ጥቁር ቆዳ ይከላከላል ይባል የለ እንዴ?

እሷ፦ ከፀሐዩስ ብዙውን ይከላከላል። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ግን እኛ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ውስጥ እግር ላይ ነው፤ ገበሬው «እሾህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ የቆዳ ቀለም የጎደላቸው ልጆች ደግሞ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ዛሬውኑ ይፈልጋሉ፤ ሳሙናው እስኪደርስ አይጠበቅም፣ ወንድሜ።