ፓርቲ ሳይኖር ቀኝ ክንፍ
(በእብናት ለዕረፍት ለመጡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት በወግ አጥባቂ ፓርቲ ውስጥ ስለሚነሣ የቀኝ ክንፍ የፓርላማ ቡድን ነው። ርእሱ በተሰጠኝ ጊዜ «ይህ ነገር እብናትን ከምን አገኛት?» ብዬ ማጉረምረሜን አልደብቅም። ጥቂት ካገላበጥሁ በኋላ ግን ነገሩ ከደጃፋችን እንደማይርቅ ተረዳሁ።

የውጭውን ላስቀድም፤ አጭር ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ኬፕ ታውን ላይ ባደረጉት ንግግር የአፍሪካ ነፃ መውጣት እንደማይቀር አመኑ። የገዛ ፓርቲያቸው ወጣቶች በዚህ ተቈጥተው በ1961 ማንዴይ ክለብ፣ የሰኞ ክበብ ማለት ነው፣ የሚባል ማኅበር አቆሙ፤ ሎርድ ሳልዝበሪም ፕሬዚዳንት ሆኑላቸው። በ1965 ኢያን ስሚዝ ሮዴዥያን በነጮች አገዛዝ ሥር እንዳለች «ነፃ ነኝ» ባሰኛት ጊዜ፣ በነዳጅ ማዕቀቡ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ከሦስት ተከፈለ። አንዱ ወገን ደገፈ፤ አንዱ ተቃወመ፤ የቀረው ድምፅ ከመስጠት ተቆጠበ። ማን ከየት እንደቆመ ግን በመዝገብ ተጽፎአል። ፓርቲው ራሱ በ2001 ከክበቡ ጋር የነበረውን ግንኙነት ያገደው፣ ክበቡ ስምና አድራሻ ስለነበረው ነው። ስም የሌለውን ማን ያግዳል?

አሁን ወደ እኛ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. በተሰጠው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመምሪያው አባሎች ያን ጊዜ ሕዝብ የመረጣቸው ሳይሆኑ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት የመረጧቸው ነበሩ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫን ለሕዝብ ሰጠ፤ ከ1950 እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ምርጫ ተደረገ። ነገር ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። እንደራሴ ለመሆን የሚወዳደርም ሰው በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የመወሰኛውን አባሎች ለስድስት ዓመት የሚሾሟቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እንግዲህ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ንብረት ከሆነ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ማን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ፓርቲ አልነበረም ማለት ግን ቡድን አልነበረም ማለት አይደለም። ቡድኑን ከፈለጋችሁ ንግግሩን ትታችሁ የመሬቱን ረቂቅ ሕግ ተከተሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባለመሬቱ ከጭሰኛው ምርት ከአራት እጅ እስከ ሦስት እጅ ቢወስድ ሕጋዊ ነው ይል ነበር። ከሦስት እጅ አይብለጥ ማለቱ ለጭሰኛው እንደ ርኅራኄ የተቈጠረ መሆኑን ልብ በሉ! ይህን ለማሻሻል፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ኪራዩ እንዲወሰን፣ ጭሰኛው እንዲሁ እንዳይነቀል፣ ላለማውም ካሣ እንዲያገኝ የሚል የጭሰኝነት ሕግ ተረቀቀ። ረቂቁ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መልኩን እየለዋወጠ ሲንከባለል ኖረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ሌላ ረቂቅ ተዘጋጀ። በጭላሎ የእርሻ ልማት የረዱት ስዊድኖች ሕጉ እንዲወጣ አጥብቀው ጠየቁ፤ በዚያው በጭላሎ ግን ትራክተር ሲገባ ባለመሬቱ ጭሰኛውን ያስለቅቅ ጀመር። ረቂቁ አንድ ቀን በግልጽ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ እንኳ ታሪክ ተሸናፊና አሸናፊ ይኖረው ነበር። እርሱ ግን ሕግ ሳይሆን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማው ራሱ ተዘጋ። ከስድስት ወር በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን፣ ደርግ የገጠሩን መሬት ሁሉ በአዋጅ ወረሰ። ኪራይ መቀነስን እንቢ ያሉት መሬቱን በሙሉ አጡ።

እውነቱን ለመናገር ያ ፓርላማ ሁሉን ነገር እንቢ አላለም። በ1958 ዓ.ም. የርስተ ጉልትና የሲሶ ጉልት ግብር ለመንግሥት እንዲገባ የሚያደርገው አዋጅ ወጥቶአል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ ብዙ ቦታ ተሻሽሎም ቢሆን፣ አልፎአል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር የሚመጣው። ይህ ግብር በጎጃም ብርቱ ዐመፅ አስነሣ፤ መንግሥትም ከአየር እስከ መደብደብ ደረሰ፤ በመጨረሻ ግን እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ። በበጌምድርም ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ ቀላዱን ነበር። አያቴ ዛሬም «ቀላድ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ አንበጣ መጣ የተባሉ ያህል ፊታቸው ይለወጣል። በእኛ ደጋ ርስት ከአቅኚው አባት በእናትም በአባትም የሚወረድ ነው፤ መሬቱ ከተለካ ርስቱ ይወሰዳል ተብሎ ታመነ። ይህ ፍርሃት የገበሬው የራሱ ነበር፤ ማንም ባላባት አላስተማረውም። ነገር ግን አዲስ አበባ የተቀመጠው፣ በደቡብ ስንት ጋሻ መሬት በጭሰኛ የሚያሳርሰው ሰው፣ «ሕዝቡ መሬቱ እንዳይነካ ይፈልጋል» ሲል የሚያሳየው የእኛን አያቶች ነበር። ጥማድ ያለው ሰው ጩኸት ለጋሻ ባለቤት ጋሻ ሆነ።

ደግሞም አንድ የማንወደውን ነገር ልጨምር። በሚኒስቴሩ ጥናት በኢሉባቦር ከመቶ 75 የሚሆነው ገበሬ ጭሰኛ ሲሆን በበጌምድር ከመቶ 15 አካባቢ ነበር። እኛ «በእኛ አገር ጭሰኛ አልነበረም» ማለት እንወዳለን። እነዚያ ዐሥራ አምስቱስ እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ ርስት የማይቈጠርላቸው ነበሩ፤ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ እስላሙ፣ ቤተ እስራኤሉ። የጭሰኝነቱ ሕግ ቢወጣ ከእኛ ወረዳ የሚጠቀሙት እነርሱ ነበሩ። ንብረት የሌለው በማይገባበት ምክር ቤት ግን ስለ እነርሱ የሚናገር እንደራሴ ማን ይሆን ነበር? በየቤታችሁ ለሽማግሌዎቻችሁ ይህን ጠይቁ፤ በትሕትና ጠይቁ እንጂ ጠይቁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ አድኃሪ በላቸውና እንገላገል» ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት ሲሸነሸን «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ቅሪት» የተባለ ሰው ከጎረቤቱ ያነሰ መሬት እንዲይዝ ተደርጎአል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የዚያ ቅጽል ልጆች የሆናችሁ አላችሁ። አንድን ሰው በአባቱና በሹመቱ መፈረጅ ሌላ ነው፤ አንድን እንደራሴ በሰጠው ድምፅ መጠየቅ ሌላ ነው። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። የቀኝ ክንፍ ቡድን በፓርላማ መኖሩ አያስፈራኝም፤ ርስቱን የሚጠብቅ ሰው ጠበቃ ቢኖረው መብቱ ነው። የሚያስፈራኝ ቡድኑ ስሙን ሳይናገር «እኔ ሕዝቡ ነኝ» ሲል ነው።

ስለዚህ በሚመጣው የማኅበራችን ጉባኤ ድምፅ በእጅ ማውጣት ብቻ ሳይሆን በስም እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ተቃዋሚ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ የእርሱም ስም ይጻፍ።

አያቴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ስለ ቀላዱ ያጎደልሁትን እርሳቸው ይጨምሩበት።