ሚድል ሲጠፋ ጊታር የት ይገባል?



ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ያጋጠመኝን ላስቀድም። ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ የአምፕሊፋየሬን ቁልፎች ሳዞር ሰነበትኩ። ቤዙን ከፍ፣ ትሬብሉን ከፍ፣ ሚድሉን፣ ማለትም መሐለኛውን ድምፅ፣ እስከ ታች ዝቅ ሳደርገው የወጣው ድምፅ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ጥርት ያለ ነበር፤ ጆሮዬ ጠገበ። የሠርጉ ዕለት ግን ድራሙ፣ ቤዝ ጊታሩ፣ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ሲነሡ የእኔ ጊታር የገባበት ጠፋ። ቮልዩም ጨመርኩ። ጆሮ የሚወጋ ቀጭን ድምፅ ወጣ እንጂ የምጫወተው ዜማ አልተሰማም። ድምፃዊው ዞር ብሎ «ኧረ ቀንስ!» አለኝ። ራሴን መስማት ያቃተኝ እኔ ቀንስ ተባልኩ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩትም እሱን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ የድምፁን መንገድ እንከተል። ክሩ ሲመታ ፒክአፑ፣ ማለትም በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ይህ ኤሌክትሪክ ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ 1 ቮልት እንኳ አይሞላም። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያው ክፍል ይጎለብታል፣ በቃና ቁልፎቹ በኩል ያልፋል፣ በመጨረሻም ስፒከሩን መግፋት እስኪችል ድረስ በኃይል ክፍሉ ይበረታል። እያንዳንዱ ቁልፍ በዚህ መንገድ ላይ የራሱ ኬላ አለው፤ የትኛው የት እንደቆመ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ጌይን የመጀመሪያው ኬላ ነው። ብዙ ተማሪዎቼ ጌይንና ቮልዩምን አንድ ያደርጓቸዋል፤ አይፈረድባቸውም፣ ሁለቱም ሲዞሩ ድምፅ ይጨምራል። ጌይን የሚወስነው የመጀመሪያው ክፍል ምን ያህል እንደሚጫን ነው። በቲዩብ በሚሠራ አምፕሊፋየር ውስጥ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲቀበል የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ከክሩ ያልመጡ አዳዲስ ቃናዎች ይወለዳሉ፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይረዝማል፣ ይሞቃል። የሮክ ጊታር ድምፅ የምንለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የኪንክስ ባንዱ ዴቭ ዴቪስ ያንን ሻካራነት ለማግኘት የትንሿን አምፕሊፋየሩን የስፒከር ወረቀት በምላጭ ቀዶታል። ማስተር ቮልዩም የሚባለው ቁልፍ ሲመጣ ግን መንገዱ ተቃለለ። ከፊት በጌይን ታሻክራላችሁ፣ ከኋላ በማስተሩ ጎረቤት እንዳይነቃ ታደርጋላችሁ።

ስለ ቁጥሮቹም አንድ ነገር ልበል። ቁልፉ 5 ላይ ነው ማለት የአምፕሊፋየሩ ግማሽ አቅም ወጥቷል ማለት አይደለም፤ በብዙዎቹ ላይ 5 ሲደርስ አብዛኛው ኃይል ወጥቶ አልቋል፣ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ሻካራነት ነው። ዋቱም እንዲሁ ያታልላል። ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር ከባለ 50 ዋቱ የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲል ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ግድም ማደግ አለበት። ገንዘባችሁን ለዋት ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ቤዝ፣ ሚድልና ትሬብል። ለምሳሌ የምወስደው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣውን ትዊን ሪቨርብን ነው። ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ለማንሳት ወገብ የሚጠይቅ አምፕሊፋየር ነው። አንዱ ቢገኝላችሁ ይህን ሞክሩ፦ ቮልዩሙን እንደከፈታችሁ ሦስቱንም የቃና ቁልፎች እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ። ድምፁ ይጠፋል። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሦስት ቁልፎች ከራሳቸው የሚጨምሩት አንዳች ነገር የላቸውም። በእነሱ በኩል ከሚያልፈው ድምፅ ላይ ምን ያህል እንደሚቀነስ ነው የምንወስነው። «ቤዝ ጨመርኩ» ስንል እውነቱ «ቤዙን ያነሰ ቀነስኩት» ነው። ደግሞ ሦስቱ በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ናቸው፤ አንዱን ስታዞሩ ሌሎቹም ይነቃነቃሉ።

ከዚህ የባሰው ሦስቱን 5 ላይ ስናደርጋቸው የሚሆነው ነው። ዓይን ሲያይ ሚዛናዊ ነው። ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ግን መሐለኛውን ድምፅ ቀድሞውኑ ጎድጉዶታል። እኔ በዚያ ሠርግ ላይ የሠራሁት የተጎደጎደውን እንደገና መቆፈር ነበር። በአንዳንድ ዘመናዊ አምፕሊፋየሮች ላይ 5 በእርግጥ መሐል ነው፣ ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ቁጥር ገልብጦ መሄድ አያዋጣም። ዘመዳሞቹ እንኳ ይለያያሉ፦ ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን አምፕሊፋየራቸውን ሲሠሩ መነሻቸው ባስማን የተባለው የፌንደር አምፕሊፋየር ነበር። ቁልፎቹ ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ማርሻልና ትዊን ሪቨርብ 5 ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ትሰማላችሁ።

ሚድል ይህን ያህል ለምን አስፈለገ? ስልክን አስቡ። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው ቤዝም ከዚያ በላይ ያለው ጥርት ያለ ድምፅም ይቀራል። እናታችን «ሄሎ» ስትል ግን እሷ መሆኗን፣ ጉንፋን እንደያዛት ሁሉ እንለያለን። የድምፅ ማንነት የሚኖረው በመሐሉ ነው። የጊታርም እንደዚያው። ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 82 ኸርዝ ግድም ነው፤ እዚያ ሰፈር ቤዝ ጊታሩና የድራሙ ኪክ ሰፍረዋል። ላይኛውን ሰፈር ሲምባሉ ይዞታል። ለጊታር የቀረለት መሐሉ ነው፤ እሱንም ከድምፃዊውና ከሳክስፎኑ ጋር ይጋራዋል። በትዝታ ቅኝት የሚወርድ አንድ ሐረግ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ የሚሰማበት ቦታ ይኸው ነው።

ታዲያ ቤቴ ሳለሁ ለምን አማረኝ? ይህን ደግሞ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተዋል። ድምፅ ዝቅ ሲል የሰው ጆሮ ከሁሉ በፊት የሚያጣው ወፍራሙን፣ ከዚያም በጣም ቀጭኑን ነው። ቤቴ ውስጥ ጎረቤት እንዳልረብሽ ዝቅ አድርጌ ስጫወት ጆሮዬ የጎደለውን ቤዝና ትሬብል በቁልፍ እየሞላሁለት ነበር። መድረክ ላይ ድምፁ ከፍ ሲል ጆሮዬ ያንን መሙላት አላስፈለገውም፤ ቤዙ አጉረመረመ፣ ትሬብሉ ወጋ፣ ዜማው ሰጠመ። ከዚያ ወዲህ ቃና የማስተካክለው በምጫወትበት የድምፅ መጠን፣ ባንዱ እየተጫወተ ነው። ብቻዬን ስሰማው ትንሽ አፍንጫዊና ደረቅ የሚመስለው ድምፅ ከባንዱ ጋር ቦታውን ይይዛል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። ፕሬዘንስ ከኃይል ክፍሉ ጋር የተያያዘ ሲሆን የላይኛውን ጥርት ይገራል። የድሮው ሪቨርብ ድምፁን በእውነተኛ ስፕሪንጎች ውስጥ እያሳለፈ የአዳራሽ ስሜት ይሰጠዋል፤ አምፕሊፋየሩን ስትገፉት የሚያንቋቋው እሱ ነው። ትዊን ሪቨርብ ላይ «ቫይብራቶ» ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ ትሬሞሎ ነው፤ የድምፁን መጠን እንጂ ኖታውን አያወዛውዝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አልዘልም። አሜሪካ ያለ ዘመድ አምፕሊፋየር ቢልክላችሁ ከቁልፎቹ በፊት ጀርባውን አንብቡ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ዘንድ 220። እኔ ሳላነብ ሰክቼ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታ ክፍሌን ለሁለት ቀን ሞልቶታል።

አሁን ጓደኞቼ መድረክ ላይ ተዘጋጅተዋል። አንድ ዜማ ሁለት ጊዜ ይጫወታሉ፤ መጀመሪያ ሚድሉ 2 ላይ፣ ቀጥሎ 7 ላይ፤ ቮልዩሙ አይነካም። እባካችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጊታሩን ፈልጉት።