«እውነት ነው» እና «ይከተላል»



በዚህ የበዓል ቀን ስለ አንድ የሎጂክ ጥያቄ ጥቂት እናገራለሁ። ጥያቄው ሥልጣንን ከማዕከል ወደ ክፍሎች ስለ ማከፋፈል ነው። ምንባቡ እንዲህ ይላል እንበል።

ሚስተር አልፍሬድ ስሎን እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በእርሳቸው ዘመን ሸቭሮሌ፣ ቢዩክና ካዲላክን የመሳሰሉት ክፍሎች የዕለት ሥራቸውን በየኃላፊያቸው ውሳኔ ያካሂዱ ነበር፤ የትልልቅ ወጪዎች ፈቃድና የሒሳብ ቁጥጥር ግን ከማዕከሉ እጅ አልወጣም። በ1927 ኩባንያው ከፎርድ የበለጠ መኪና ሸጠ።

ከዚህ የግድ የሚከተለው የትኛው ነው? ሀ/ ሥልጣን የሚያከፋፍል ኩባንያ ሁሉ ተወዳዳሪውን ይቀድማል። ለ/ ጄኔራል ሞተርስ ፎርድን የቀደመው ሥልጣን ስላከፋፈለ ነው። ሐ/ አንድ ኩባንያ የዕለት ሥራን ለክፍሎች ትቶ የገንዘቡን ቁጥጥር በማዕከል ሊይዝ ይችላል።

«ሀ»ን ለመጣል መድከም አያስፈልግም፤ ከአንድ ኩባንያ «ሁሉ» አይወጣም። ተፈታኙን የሚያታልለው «ለ» ነው። ምንባቡ ሁለት ነገሮችን አከታትሎ ነገረን እንጂ አንዱ ሌላውን ወለደው አላለንም። እንዲያውም ፎርድ በዚያው በ1927 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና መሥራት አቁሞ፣ ሞዴል ኤ እስኪዘጋጅ ድረስ ለወራት ሥራው ተቋርጦ ነበር። ጄኔራል ሞተርስም በ1919 ባቋቋመው የብድር ድርጅት አማካይነት መኪናውን በዱቤ ያሸጥ ነበር። በእኔ አስተያየት የስሎን አሠራር ለድሉ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም፤ እንግዲህ «ለ» በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የጥያቄው ተንኮል እዚህ ላይ ነው! የተጠየቅነው እውነት የሚመስለውን ሳይሆን ምንባቡ የሚያስገድደንን ነው። እርሱም «ሐ» ብቻ ነው፤ የተደረገ ነገር ሊደረግ እንደሚችል አያከራክርምና።

ነገሩ የሩቅ አገር መኪና ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። በአገራችን በ1994 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በዚያን ጊዜ በነበረው የደቡብ ክልል ጥቅል በጀት ለወረዳዎች ይሰጥ ጀመር። ከዚያም በኋላ የተማሪው ቁጥር አደገ። «ያሳደገው የወረዳው ሥልጣን ነው» የሚል ሰው ቢመጣ፣ በቃሉ የብዙ ትምህርት ቤቶች በጀት ሊወሰን ይችላልና ቆም ብለን እንጠይቀው። ቁጥሩ ከ1994 በፊትም እያደገ ነበር። ዘግይተው ከጀመሩት ክልሎች ጋር እናነጻጽር ብንል ደግሞ፣ ከእነርሱ መካከል አፋርና ሶማሌ አርብቶ አደር የሚበዛባቸው ስለ ሆኑ፣ ልዩነቱ ከበጀቱ አሰጣጥ ይሁን ከሕዝቡ አኗኗር ገና መለየት ይኖርብናል።