የሕዝብን ሐሳብ በትክክል ስለ መስማት
(በሞያሌ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ለሕዝብ የሚበጀውን ለመወሰን አስቀድሞ የሕዝቡን ሐሳብ መስማት ይገባል። ሐሳቡ በተጣመመ መንገድ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ካለመጠየቅ ይብሳል፤ ስሕተቱ የሕዝብ ቃል የሚል ስም ይዞ ይኖራልና።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመሻት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም.፣ ኬንያ ነጻ ልትወጣ ስትቃረብ፣ የእንግሊዝ መንግሥት አንዱ ከናይጄሪያ አንዱ ከካናዳ የሆኑ ሁለት መርማሪዎች ወደ ሰሜኑ ጠረፍ አውራጃ ላከ። ትእዛዛቸውም ስለ አገሩ የወደፊት ዕድል የሕዝቡን ሐሳብ መርምረው እንዲያስታውቁ ነበር። በጋሪሳ፣ በዋጂር፣ በማንዴራ፣ በኢሲኦሎ፣ በማርሳቢትና በዚህችም በሞያሌ ሕዝቡን በአደባባይ ሰበሰቡ፤ መልእክተኞችን አነጋገሩ፤ የጽሕፈት ማመልከቻም ተቀበሉ። በዓመቱ መጨረሻ ባወጡት መግለጫ ከሕዝቡ የሚበዛው፣ ይልቁንም ሶማሌው፣ ከሶማሊያ ጋር መዋሐድን እንደሚሻ አመለከቱ። በእኛ በኩል ግን ልብ ሁሉ አንድ አልነበረም።

በማርች 1963 ሎንዶን ከዚህ የተለየ ውሳኔ ሰጠ፤ አገሩም በኬንያ ውስጥ ቀረ። በጁን ወር የኢሲኦሎ አስተዳዳሪ ዳውዲ ዳባሶ ዋቤራና ሹሙ ሐጂ ጋልማ ዲዶ የኬንያን አንድነት ለሕዝብ ሲያስረዱ ተገደሉ። በዲሴምበር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ውጊያውም እስከ 1967 ቆየ። በዚያ ዘመን በአደባባይ ሐሳብን መግለጥ ምን ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ይህን የማነሣው መርማሪዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን በአደባባይ ጉባኤ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው? በባሕርዩ የሽማግሌው፣ የሹሙና የማኅበሩ መሪ ነው። ሴቲቱ በጓዳ ትቀራለች፤ እረኛው በሐጋያ ዝናብ ሣር ተከትሎ ርቋል፤ ከብዙኃኑ የተለየ አሳብ ያለውም ሰው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ብሎ ዝም ይላል።

እንግዲህ የአስተያየት ምርመራ ወደ እውነት እንዲጠጋ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው የተጠያቂው አመራረጥ ነው። ብዛት ብቻ እውነትን አያስገኝም። በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ለዐሥር ሚሊዮን ያህል ሰዎች የምርጫ ወረቀት ልኮ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ መልስ ቢያገኝም፣ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ተሳሳተ፤ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። ስሞቹ በአብዛኛው የተገኙት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበረ ድኻው ተዘነጋ፤ ወረቀቱን ለመመለስ የተጉትም የሌላውን ሐሳብ የሚወክሉ አልነበሩም። አስተዋይ እህል ሸማች ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ዘግኖ ያያል። በዕጣ በትክክል የተመረጡ 1,200 ሰዎች የአንድን አገር ሐሳብ ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ከፍና ዝቅ በሚል ግምት ሊያሳዩ ይችላሉ። ጠያቂው ግን በዕጣ የወጣለትን ሰው ቤቱ ባያገኘው ተመልሶ ይፈልገው እንጂ በመንገድ ያገኘውን አይተካ። በእኛም አገር በዝናብ ጊዜ የታጣው እረኛ በበጋ በውኃ ጉድጓዱ ዘንድ ይገኛል።

ሁለተኛው የጥያቄው ቃል ነው። «ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ አትወድምን?» ቢባል እንቢ የሚል የለም፤ መልሱ በጥያቄው ውስጥ ተቀምጧልና። «መንግሥት» የሚለውም ቃል በሞያሌ ቀላል አይደለም። አንዱ የናይሮቢውን፣ ሌላው በማርሳቢት የተቀመጠውን የካውንቲ አስተዳደር፣ ዘመዶቹ ከወሰኑ ማዶ የሆኑለት ደግሞ የአዲስ አበባውን ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሶማልኛ ወይም ወደ ስዋሒሊ ከተተረጐመ በኋላ፣ የፊተኛውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመው፤ ሁለቱም ይተያዩ።

ሦስተኛው የመላሹ ነጻነት ነው። ሰው ብቻውን ይጠየቅ፤ ስሙ ከመልሱ ጋር አይጻፍ። «አላውቅም» ያለውም እንዲሁ ይመዝገብ። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው አፍሮባሮሜትር በመጨረሻ ላይ «የላከን ማን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። መንግሥት ልኳቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ሌላ መልስ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ይህ ጥያቄ የፍርሃትን መጠን ለመመዘን ይረዳል። ሰምና ወርቅ ለለመደ፣ ብዙውንም ነገር «ሆድ ይፍጀው» ለሚል ሕዝብ ይህ እጅግ ተገቢ ነው።

ስለ ምርጫ የሚደረገውን ምርመራ በሚመለከት የኬንያ ሕግ በ2012 የወጣ ሲሆን፣ ውጤቱን የሚያትም ሁሉ ወጪውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ፣ ስንት ሰው እንደ ተጠየቀና በምን ዓይነት ዘዴ እንደ ሆነ እንዲገልጽ ያዝዛል። አንባቢም ይህን ሳያይ ቁጥሩን አይመን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ቋንቋውን የምናውቅ፣ ቤቱም የሚከፈትልን ስለ ሆንን ለእንዲህ ያለ ሥራ መጠራታችን አይቀርም። ነገር ግን መከበራችን ራሱ እንቅፋት ሊሆን ይችላል፤ አባት የልጁን አስተማሪ ደስ የሚያሰኘውን ይመልሳልና። ስለዚህ ከተማሪዎቻችን ወላጆች ርቀን፣ በማንታወቅበት ሰፈር እንጠይቅ። መልሱ ባያስደስተንም ፊታችን አይለወጥ፤ የሰማነውንም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጻፍ። በክፍላችን ውስጥ እጁን ያላነሣውን ልጅ ፈልጎ መጠየቅ የዘወትር ሥራችን ነው። ለሕዝቡም የምናደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም።