በታወቁ ሰዎች ሞት ስለሚመጣ ኀዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ዛሬ በዚህ የሬዲዮ ትምህርታችን የምንናገረው፥ ብዙዎች በልባቸው ይዘውት ለንስሓ አባታቸው እንኳ ለመንገር ስለሚያፍሩበት ኀዘን ነው። ይኸውም በቅርብ ላላዩት፥ እጁን ላልጨበጡት፥ ከማዕዱም ላልተካፈሉት፥ ነገር ግን ስሙና ድምፁ በአገሩ ሁሉ ለተሰማ ሰው የሚለቀስ ልቅሶ ነው። ዘመድ ለዘመዱ ቢያለቅስ ማንም አይጠይቀውም፤ ለማያውቀው ሰው የሚያለቅስ ግን «ምንህ ነው?» ይባላል፤ መልስም ያጣል።

ክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ በ1933 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን፥ በመስቀል በዓል ተወለደ፤ በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ 11 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል፥ በ68 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። ሕዝቡ ጾሙን ፈትቶ፥ በማግሥቱ በማዕዶት ሰኞ «እንኳን አደረሳችሁ» ለመባባል ሲወጣ መርዶው ደረሰ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲላም ሬዲዮው ያንኑ ተናገረ፤ ለደስታ የተጠራውም ጎረቤት በኀዘን ተቀመጠ። ሐሙስ ሚያዝያ 15 ቀን ብዙ ሺህ ሕዝብ አልቅሶ ሸኘው፥ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ዐፈር ለበሰ።

ከዚያም አስቀድሞ፥ በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት 15 ቀን ሻምበል አበበ ቢቂላ በ41 ዓመቱ በሞተ ጊዜ አገሩ እንዲሁ አልቅሶ ነበር። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው፥ በቶኪዮም የደገመው ያ ሰው፥ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ተይዘውበት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር። ያለቀሱለት ብዙዎቹ ሲሮጥ በዓይናቸው አላዩትም፤ ነገር ግን እርሱ በሮጠ ጊዜ ራሳቸው የሮጡ መስሏቸው ነበር።

በጥላሁን ሞት ሰሞን፥ በዲላ ከምእመናን አንዱ ወደ እኛ መጣ። ታሪኩን ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ብንናገረው ራሱ ፈቅዶልናል። ቡና እየሰበሰበ የሚሸጥ፥ ጠባዩ ጭምት የሆነ ጐልማሳ ነው። «አባቴ፥ የሚያሳፍረኝ ነገር አለብኝ። የእናቴ ልጅ ወንድሜ በሰው አገር ሞቶ መርዶው ሲመጣ አንዲት እንባ አልወጣኝም። አሁን ግን ለዘፋኝ ሦስት ቀን አለቀስሁ። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?» አለን። እኛም ሳንመረምር፥ «ለዘፈን የፈሰሰ እንባ ለነፍስህ ምን ይረባታል? ይልቅስ ስለ ኃጢአትህ አልቅስ» ብለን አሰናበትነው። ቃላችን የትምህርት ቃል ይመስል ነበር። ሰውየው ግን አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ እስከ ጰራቅሊጦስም ድረስ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አላየነውም።

ከዚያ በኋላ ሕሊናችን ወቀሰንና እኛው ወደ ቤቱ ሄድን። ቡና ተፈልቶ ሳለ ነገሩን ገለጠልን። እርሱና ወንድሙ ያደጉት አንድ ሬዲዮ ባለበት ቤት ነበር። ማታ ማታ ወንድሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከጥላሁን ጋር ያዜም ነበር። የወንድሙ መርዶ ሲመጣ እናታቸው ታመው ነበርና፥ እርሳቸው እንዳይጎዱበት ዓይኑን አደረቀ። አስከሬን አልመጣም፤ መቃብርም የለም። «ያ ድምፅ ከዚህ ዓለም ጠፋ ሲባል፥ ወንድሜ ለእኔ ያን ቀን ሞተ» አለን። እኛም የዘፋኝ ልቅሶ ነው ብለን የናቅነው ልቅሶ፥ ሳይለቀስ የቀረ የወንድም ልቅሶ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተረዳን። ይቅርታም ጠየቅነው።

ምእመናን ሆይ! የሰው እንባ እንደ ወንዝ ነው። የሚታየው አንድ ነው፤ ምንጩ ግን ብዙ ነው። ሰው ለታወቀ ሰው ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ ከዚያ ጋር ለራሱ ወጣትነት፥ ለሞቱት ወላጆቹ፥ ተበትኖ ለቀረው ቤቱም ያለቅሳል። ድምፅ ሳይፈቀድለት አይገባም፤ ከገባ በኋላ ግን እንደ ቤተ ሰብ ይቀመጣል። እናንተም ዛሬ እኛን የምትሰሙን በዚሁ መሣሪያ አይደለምን?

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ኀዘን አያውቀውም አንበል። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፥ በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ፥ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ አሳዩት። ሰው ለሞተው ሲያለቅስ ያለበሰውን ልብስ ያሳያል። አንዱ የለበሰው መጐናጸፊያ ነው፤ ሌላው በጭንቁ ቀን ያጽናናው ድምፅ፥ ወይም በውርደት ቀን ቀና ያደረገው ድል ነው። ጴጥሮስም ልብሱን ሲያሳዩት «ስለ ጨርቅ ታለቅሳላችሁ» ብሎ አልገሠጻቸውም፤ ተንበርክኮ ጸለየ እንጂ። እኛ በዲላ ያላደረግነው ይህን ነበር።

ደግሞም የትንሣኤን ሳምንት ሥርዓት አስቡ። ሰኞው ማዕዶት፥ መሻገር ነው። ረቡዑ አልዓዛር ይባላል፤ ጌታችን በወዳጁ መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ፥ ከዚያም ጠርቶ እንዳስነሣው እናስብበታለን። ሐሙሱ የአዳም ሐሙስ ነው፤ ከነልጆቹ ነፃ የወጣ የአዳም መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ያ ሕዝብ መርዶውን የሰማው በማዕዶት፥ ሬሳውን የሸኘው በአዳም ሐሙስ ነበር። እንባና ትንሣኤ በአንድ ሳምንት ተገናኙ። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ ካለቀሰ፥ እንባ የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ እንዳሳሰበን፥ ኀዘናችን ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ኀዘን አይሁን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፥ ልቅሶው ያለ ጸሎት አይቅር። ዝነኛው ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው ዝናውን ትቶ፥ የክርስትና ስሙን ይዞ ነው፤ የሚሻውም ጭብጨባ ሳይሆን ጸሎት ነው። ሁለተኛ፥ ሰውን አምላክ አናድርግ፤ እስትንፋሱ ስትወጣ ወደ መሬቱ ይመለሳልና። ሦስተኛ፥ የታወቀውን ስናለቅስ ያልታወቀውን አንርሳ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። በዚያ መከራ የሞቱትን ስማቸውን ሬዲዮ አልጠራውም። በባለጸጋው ደጅ የወደቀው ድኻ ግን በወንጌል ስሙ ተጠርቷል፤ የባለጸጋው ስም አልተጻፈም።

በጌዴኦ ምድር በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ በመቶ የሚቈጠሩ የጥንት ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። በ2016 ዓ.ም. ይህ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቱቱ ፈላ ድንጋዮቹ የቆሙት በመቃብር ላይ ነው። በዚያ የተቀበሩት በዘመናቸው የታወቁ፥ ብዙ የተለቀሰላቸው ይሆናሉ፤ ዛሬ ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ድንጋዩ ቀረ፥ ስሙ ሄደ። ስምን ሳይረሳ የሚጠብቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ከእነዚያ ድንጋዮች አጠገብ ግን የጌዴኦ ገበሬ እንሰት ይተክላል። ሲያራባው አሚቾውን ቈርጦ በዐፈር ይቀብረዋል፤ ከተቀበረውም ከአንዱ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። የዕለት ምግባችን የሆነው ተክል ይህን ካስተማረን፥ ስለ ስንዴ ቅንጣት የተናገረው ጌታችን የቀበርናቸውን እንደሚያስነሣቸው አንጠራጠር።

ያ ወዳጃችን ለወንድሙ ፍትሐት አስደረገ፤ ተዝካሩንም አወጣ። እናንተም ያልለቀሳችሁት ሙት ካለ አልቅሱለት፥ ጸልዩለትም።

በሃይማኖት ያንቀላፉትን ሁሉ ነፍሳቸውን በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እኛንም ለንስሓ ያብቃን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።