ሥዕሉ ከሰውየው ቀድሞ ሲደርስ
(በነቀምቴ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ክልሶች ነው። ጋዜጣ፣ ሲኒማና ማስታወቂያ ስለ እነርሱ የሚያሳዩን ሥዕል በልባችን ምን እንደሚሠራ ላስረዳ እሞክራለሁ።

ከጠላት ወረራ ዘመን ልጀምር። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ በቦነያ፣ የጣሊያንን አውሮፕላኖች እንዳጠፉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ጠላት ግን በወረቀትም ይዋጋ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አወጀ። በ1930 ዓ.ም. በሮም «የዘር መከላከያ» የተባለ መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ የዘር መቀላቀልን እንደ በሽታ አድርጎ በሥዕልና በፎቶግራፍ ያሳይ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳያወርሰው በሕግ ተከለከለ። መጽሔቱ ልብን አደነደነ፤ ሕጉም በደነደነ ልብ ላይ ተተከለ። የማሳደጉ ሸክም በእናት ላይ ወደቀ።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። እኛስ? «ዲቃላ» የሚለው ስድባችን ከጋብቻ ውጭ የተወለደውንም ዘሩ የተቀላቀለውንም በአንድነት ይመታል፤ ልጁ አፉን ሳይፈታ እናቱ ትሰደባለች። በማስታወቂያና በዘፈን ክሊፕ ደግሞ ክልሷ እንደ ጌጥ ትቀርባለች፤ መልኳ ይታያል፣ ቃሏ አይሰማም። ስድቡም ውዳሴውም ሰውን ይሰውራል።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለሁም። አንድ የክፍሌን ልጅ ዓመት ሙሉ «ፈረንጁ» እያልሁ ጠርቼዋለሁ። ስለሚስቅ የወደደው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ኦሮምኛውን ሲያቀላጥፈው ሰምቼ «ከማን ተማርኸው?» አልሁት። «እንደ አንተው ከእናቴ» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን የተወለደው ያ የመጀመሪያው ሕግ በወጣበት በ1929 ዓ.ም. ነው፤ በአባቱ ከአርመን ወገን ነበር። ሥራው ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ስሙን ያስጠራው ሥራው ነው።

ጓደኞቼ፣ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። በዚህች ጋዜጣችን ስለ ክልስ ስንጽፍ ከመልኩ በፊት ስሙንና ሥራውን እንጻፍ። ከሁሉ ይልቅ ብዕሩን ለራሳቸው እንስጣቸው።