ቦኖው የማን ነው?

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በማህበሩ ሂሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ትየርኪዲ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሥቶ በፓጋክ በኩል ብዙ ሕዝብ ሲገባ፣ መጠለያ ተከፈተባት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት መጣ፣ ጤና ጣቢያ መጣ፣ ቦኖ ተተከለ። የኢታንግ የውሃ መሥመር ዛሬ ከተማውንም መጠለያዎቹንም ያጠጣል።

እኔ ከመዝገቤ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ለመሥሪያ ሰጪ ይገኛል፤ ለመጠገኛ ግን አይገኝም። ባለፈው ክረምት የቦኖአችን መክፈቻ ተሰብሮ ዘጠኝ ቀን ጀሪካን ይዘን ወንዝ ወረድን። ዕቃው 340 ብር ነበር። ዘጠኝ ቀን የፈጀብን የብር እጦት አይደለም፤ የመንደሩ ሴት «የመጠለያው ነው»፣ የመጠለያው ሴት «የድርጅቱ ነው» እያልን ነው።

እርዳታ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ከመንደሩም ከመጠለያውም፣ እያንዳንዷ አባል በወር 5 ብር ለጥገና እንድታዋጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ያልቻለች ቦኖውን በመጥረግ ትሳተፍ። ሂሳቡን በየሦስት ወሩ በፊታችሁ አነብባለሁ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ከአዲስ ቦኖ በፊት መለዋወጫ ዕቃና ለሁለት ሴቶች የጥገና ሥልጠና ስጡን።